ስም ያጣው የደቻቱ ወፍ

ከአሥራ አምስት ዓመት የጀርመን ኑሮ በኋላ ድሬዳዋ በገባሁ በሦስተኛው ምሽት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ከእህቴ ልጅ ጋር ከከተማው ወጣ ብለን በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስንሄድ፣ የስልኬ መብራት የፍም ፍንጣሪ በመሰለ ቀይ ነገር ላይ አረፈ። ጠጋ ስንል ዓይን ሆኖ ተገኘ። ወፉ ሆዱን አሸዋው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል፤ ላባው እንደ ደረቀ የዛፍ ቅርፊት የተዥጎረጎረ ስለሆነ ዓይኑ ባያበራ ኖሮ እንረግጠው ነበር። ድንገት ያለ አንዳች የክንፍ ድምፅ ተነሥቶ አንዲት የእሳት ራት ከአየር ላይ ቀለበና ተመልሶ እዚያው ተለጠፈ።

ልጁ ድንጋይ አነሣ። «ጋሼ፣ ጉጉት ነው፣ ሟርተኛ ነው፣ ላባረው» ሲለኝ እጁን ያዝኩት። ጉጉት ፊቷ ክብ፣ መንቁሯም ቆልማማ ነው፤ የዚህ መንቁር ግን ከላባው መሀል በጭንቅ የሚታይ ትንሽ ነገር ሲሆን፣ አፉ ሲከፈት እስከ ዓይኑ ግርጌ ይሰነጠቃል።

በማግሥቱ ከመጋላ እስከ ከዚራ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስሙን ጠየቅሁ። ግማሹ «ጉጉት» አለኝ፤ ግማሹ «የሌሊት ወፍ ነዋ» አለኝ። ያንገበገበኝ ይህ ሁለተኛው መልስ ነው። የሌሊት ወፍ የምንላት ላባ የሌላት፣ ልጇን የምታጠባ፣ ከነጭራሹ ወፍ ያልሆነች እንስሳ ናት። ስሙን ለእሷ ሰጥተን እውነተኛውን የሌሊት ወፍ ባዶ አስቀርተነዋል።

ጀርመን አገር ጡረተኛው ጎረቤቴ በግንቦት ማታ ወደ ጥድ ጫካ ዳር ወስደው፣ የዚሁ ወገን የሆነ ወፍ እንደ ስፌት መኪና ሳያቋርጥ ሲያንከራርር አሰምተውኝ «ጺገንሜልከር» የሚለውን ስሙን አስጠንተውኛል። ትርጉሙ ፍየል አላቢ ማለት ነው። የእነርሱም አባቶች ወፉ ሌሊት የፍየል ጡት ይጠባል ብለው ያሙት ነበር፤ ካፕሪሙልጉስ የሚለው ሳይንሳዊ ስሙም ይህንኑ ሐሜት የያዘ ነው። ስለዚህ አጉል እምነት የእኛ ብቻ ነው የሚለኝን ሰው አልቀበልም። ነገር ግን እነርሱ ሐሜቱን ትተው ወፉን መጠበቅ ጀምረዋል፤ የወፍ ጥበቃ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ በጥር ወርም ቤተሰብ መስኮት ሥር ተቀምጦ ግቢው የሚመጡትን ወፎች ለአንድ ሰዓት ቆጥሮ ያስመዘግባል። እኛም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለን፤ በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ የልጁን ድንጋይ ግን ማንም አላስጣለውም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የነጭ ሳር ፓርክ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ፓርኩ የመጡ ተመራማሪዎች የዚሁ ወገን የሆነ አንድ ወፍ መንገድ ላይ ሞቶ አገኙ፤ ከእርሱም የተረፈውን አንድ ክንፍ ይዘው ሄዱ፤ በ1995 በዚያች አንዲት ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ብለው ሰየሙት። ለአንድ ክንፍ ስም ሲወጣ፣ በየምሽቱ ደጃችን ለሚያድረው ሙሉ ወፍ አንድ የአማርኛ ቃል አጣን።

በዚያው በማግሥቱ ምሽት የደቻቱን ወፍ እዚያው አገኘነውና ድምፁን ቀዳሁት። ማታውኑ ከሌሎች ቅጂዎች ጋር ሳመሳክረው፣ ከዚያ ፈጣንና ተደጋጋሚ ጩኸቱ፣ ከጅራቱም መካከል ረዘም ብለው ከወጡት ላባዎች ተነሥቼ ካፕሪሙልጉስ ክላሩስ የሚባለው ነው ወደሚል ውሳኔ ደረስሁ። የእህቴ ልጅ ስሙን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ምላሱ አልታዘዝ ሲለው፣ «ታዲያ እኛ ምን እንበለው፣ ጋሼ?» አለኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።