መድኃኒት ሰው ይለያል

ሰሞኑን ስለ ካንሰር ሕክምና በተደረገ አንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ፣ በጤናው ዘርፍ ኃላፊነት ያለባቸው ሰው ክሊኒካዊ ምርምር፣ ማለትም በታካሚዎች ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት፣ የሀብታም አገር ሥራ መሆኑን ሲያስረዱ ሰማሁ። እነሱ ይመራመራሉ፣ እኛ ውጤቱን እንወስዳለን፤ መድኃኒት እንደሆነ ሰው አይለይም አሉ። አወያዩ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ማለፍ አቅቶኛል።

መድኃኒት ሰው ይለያል። እኛን ደግሞ ከብዙዎች አብልጦ ይለያል። ይህ የተረጋገጠው ከዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዛሬ አላውቅም ማለት ለባለሥልጣን አይፈቀድም።

ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈጨው እሱ ነው። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ዘረ መል ትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። እንግዲህ ኮዴይንን እንውሰድ። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው፣ ኢንዛይሙ የበዛለት ሰው ያችኑ የተለመደች ክኒን ውጦ ሞርፊኑ በአንዴ ይጥለቀለቅበታል፤ ትንፋሽ እስከማሳጣት ይደርሳል። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ሰው ደግሞ ክኒኑን ውጦ ሲያቃስት ያድራል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በየዋርዱ የምንሰጠው ትራማዶልም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በኮዴይን አጠቃቀም ላይ እርምጃ የወሰደው ይህንኑ ማስረጃ ይዞ ነበር። ማስረጃው የተገኘው ከእኛው ሰዎች ደም ነው። ስዊድን ስለ ስዊድናውያን ብቻ ብትመራመር ኖሮ ከየት ይመጣልን ነበር?

ከሕመም ማስታገሻው የሚበልጠው ጉዳይ ደግሞ ገና አልተነሳም። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው የሆርሞን ሕክምና፣ ታሞክሲፌን፣ ወደ ዋናው ተዋጊ ንጥረ ነገር፣ ወደ ኤንዶክሲፌን፣ የሚለወጠው በዚሁ ኢንዛይም ነው። የአፍሪካውያን ሴቶች የጡት ካንሰር ባመዛኙ ለሆርሞን ሕክምና አይመልስም የሚባል ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የአዲስ አበባ ታካሚዎችን ናሙና ሲመረምር ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኢስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው፣ ማለትም ታሞክሲፌን ሊረዳቸው የሚችል ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 81 ኢትዮጵያውያን የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት በደማቸው ያለው የኤንዶክሲፌን መጠን እንደ ዘረ መላቸው እንደሚለያይ አሳየ። ታዲያ ትርፍ ቅጂ ያላት ሴት ስንት ሚሊግራም ይበቃታል? መድኃኒቱ ይበልጥ ይጠቅማታል ወይስ የጎንዮሽ ጉዳቱ አስመርሯት ታቋርጠዋለች? በ81 ሴቶች የተጀመረው ጥያቄ በሺዎች ነው የሚመለሰው፤ ሺዎቹ ያሉት ደግሞ ጥቁር አንበሳ፣ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳ በረንዳ ላይ ወረፋ ይዘው ነው። የሌላ አገር ሰው መጥቶ ይጠይቅልን ብሎ መቀመጥ በእነዚህ ሴቶች ላይ መፍረድ ነው።

ይህን ሁሉ የምናገረው ከቤቴ ስላየሁት ነው። አክስቴ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ስታስወግድ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም ሳትቀምስ ቆይታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባችው በማግስቱ ከሰዓት ነው። ብዙ ታካሚ ቀዶ ሕክምናው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ውሃ መጠጣት እንደሚችል በብዙ አገር መመሪያ ሆኖ ተጽፏል። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት በ1990ዎቹ የጀመረው፣ ታካሚን ቶሎ መመገብና ቶሎ ማስነሳት የሚባለው አሠራር፣ ዛሬ በየአህጉሩ አለ። አክስቴ ግን ከንፈሯ ደርቆ፣ ራሷን እየወቀራት ገባች። ከወጣች በኋላም ጠያቂው አጥሚቱን ይዞ እየመጣ «ተኚ እንጂ፣ ክንድሽን አታንቀሳቅሺ» ይላታል፤ እኔም እንደዚያው። ክንድሽን እንዲህ አድርጊ ያላት ባለሙያ አልነበረም። ከሦስት ወር በኋላ ነጠላዋን በራሷ መልበስ አቃታት።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ለትከሻ ችግር የተጋለጡ 392 ሴቶችን ይዞ፣ ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ በፊዚዮቴራፒስት የሚመራ እንቅስቃሴ ቀደም ብለው የጀመሩት ክንዳቸው የተሻለ እንደሚሠራ አረጋግጧል። ውጤቱን እንውሰድ ካልን ይኸው ውጤቱ። ፊዚዮቴራፒስቱን ከየት እናመጣለን? ነርስ ብታስተምር ይሠራል? አስታማሚ ቢማር ይበቃል? ይህን ለንደን አይመረምረውም፤ ችግሩ የለበትማ!

ምርምር ገንዘብ ይፈጃል የሚለውንም ተዉት። ቺታ የተባለው ጥናት ያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ ቢቀየር ቁስል ማመርቀዙ ይቀንሳል ወይ? በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ፣ በ81 ሆስፒታሎች፣ ከ13,000 በላይ ታካሚዎች ተሳተፉ። ኢንፌክሽኑ ከ18.9 ወደ 16 በመቶ ወረደ። በጓንት! የሕንድ ሐኪሞች ደግሞ 1,600 ያህል ሴቶች ላይ፣ የጡት ዕጢ ከመቆረጡ ደቂቃዎች አስቀድሞ በዙሪያው ሊዶኬይን ወጉ። ጥርስ ሲነቀል የምንወጋው ያው ሊዶኬይን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ካልተወጉት 86.4፣ ከተወጉት ደግሞ 90.1 በመቶው በሕይወት ቆዩ። ይህ ውጤት በሌሎች አገሮችም መፈተን አለበት ይባላል፤ ይፈተን፣ ከእኛ ይጀመር። ሩዋንዳ የቻለችውን እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

አዎ፣ የመድኃኒት እጥረት አለ፤ ለጨረር ሕክምና ወር የሚጠብቅ ሰው አለ። ግን እጥረት ባለበት አገር ነው የትኛው መድኃኒት ለማን ቅድሚያ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የሞት ሽረት የሚሆነው። ሕዝባችን መሞከሪያ አይሁን የሚሉም አሉ። አክስቴ ላይ የተደረገውስ ምን ነበር? ሳትጠየቅ፣ ሳትፈርም፣ ውጤቱ ሳይመዘገብ ተሞከረባት። በምርምር ውስጥ ብትሆን ቢያንስ ስልክ ደውሎ ክንድሽ እንዴት ነው የሚላት ነርስ ይኖራት ነበር።

በየዓመቱ ስፔሻሊስት ሆነው የሚመረቁ ሐኪሞቻችን ሁሉ የመመረቂያ ጥናት ይሠራሉ። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በጥቂት ታካሚ፣ በአንድ ሆስፒታል ሠርቶት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አሥሩን ሆስፒታል በአንድ ጥያቄ ማሰባሰብ የሚጠይቀው ውሳኔ፣ አንድ ዳታ መዝጋቢና የስልክ ካርድ ነው። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባለሙያ የለንም የሚል ሰው ካለ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ። እኒያ ኃላፊ ለዚህ ሥራ በበጀታቸው ውስጥ አንዲት መስመር ይያዙልን፤ ቀጥሎ ሬዲዮ ሲቀርቡ ስንት ብር እንደያዙ ይንገሩን።

አክስቴ ታሞክሲፌን ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሁልጊዜ ማታ፣ ዜና ሲጀምር ነው የምትውጠው። በዚያ ክኒን ምክንያት ሌሊቱን ላብ ሲያጠምቃት ያድራል፤ እኔ ቀሚሷን እየቀየርኩላት መጠኑ በዛባት ይሆን እላለሁ። ደሟን ወስዶ የለካላት የለም።