ቴሌግራም ላይ ብድግ የሚል የለም

የእድራችን ጡሩንባ ነፊ አረጁ። ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ያለውን ሰፈራችንን በሌሊት እየዞሩ መንፋት ጉልበታቸው እምቢ አለ። ተተኪ ተፈለገ፤ ጠፋ። ወጣቱ ጡሩንባ ከሚነፋ ባጃጅ ቢገፋ ይመርጣል። ስብሰባ ተጠራና አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ለምን ቴሌግራም ግሩፕ አንከፍትም?» አለ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ቀን እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ቴሌግራም አንድ ግሩፕ ውስጥ እስከ 200,000 ሰው ያስገባል። እኛ 140 ነን። ለጠብ ግን ምንም አላነስንም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታ ብቻ ነበር። ጠዋት ጽጌረዳ፣ ማታ ሻማ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጸሐፊያችን አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ጀመረ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ከገባ እኮ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። ጸሐፊው ግን «በእንግሊዝኛው ይፈጥንልኛል» ባይ ነው። ፈጥኖም አንድ ቀን «ዳኛው መጣ» ብሎ ለጠፈ። በእንግሊዝኛ ፊደል «መጣ»ም «መታ»ም ያው ነው። ሰፈሩ «ዳኛው መታ» ብሎ አነበበው።

«ማንን?» አሉ አንዲት እናት።

«ከመታም ምክንያት ይኖረዋል» አሉ ሌላዋ።

«እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ አንዱ፣ ምን እንደጠረጠረ ሳይናገር።

ዳኛው ስብሰባው ቦታ ቁጭ ብለው ሰው ይጠብቃሉ። ሰው ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስለ ቡጢያቸው ይነጋገራል።

ገንዘብ ያዣችን እማማ ይሄ ችግር የለባቸውም። አይጽፉም፤ በድምፅ ነው የሚልኩት። አራት ደቂቃ ሙሉ ጤናችንን፣ ልጆቻችንን፣ ዝናቡን፣ የጎረቤት ላም መውለዷን ሳይቀር ይጠይቃሉ። ከዚያ ይመርቁናል። ዋናው ጉዳይ መጨረሻዋ ስድስት ሰከንድ ላይ ነው ያለችው። ወጣቶቹ ታዲያ ድምፁን በእጥፍ ፍጥነት ያዳምጡታል። በእጥፍ ፍጥነት የተሰማ ምርቃት ይደርስ ይሆን? ቄስ መጠየቅ ፈልጌ አፈርኩ።

ዋናው ጣጣ ግን «አንተ»ና «አንቺ» ነው።

አማርኛ የማያውቁትን ሰው የሚያናግሩበት ቋንቋ አይደለም። «ና» ለማለት እንኳ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ፈረንጅ «ዩ» ብሎ ይገላገላል። ግሩፑ ላይ ከኔ ጋር የሚያወራው ሰው ግን ጽጌረዳ ነው። ወይ አንበሳ ነው። ወይ የአርሰናል አርማ ነው። ጽጌረዳን ምን ብለው ይጠሩታል? እኔ «አንቺ» ብዬ የሦስት ልጆች አባት የሆነ በያጅ አስቀይሜያለሁ። ለሚስቱ ሲነግራት ሳቀች አሉ፤ ያ ደግሞ ባሰበት። «እርስዎ» እያልኩ ለሁለት ሳምንት ያከበርኩት አንበሳ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉም የከበደኝ ቅዱስ ገብርኤልን ፎቶው ያደረገው ሰው ነው። ሐዋሳ ላይ ገብርኤል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታኅሣሥ 19 ቀን ከተማዋን ያየ ያውቀዋል። ታዲያ የመልአኩ ሥዕል አጠገብ «አንተ ደንቆሮ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ሰው ምን ያደርጋል? ልመልስለት ወይስ ላማትብ?

ትልቅ ሰው ቤት ሲገባ «ኖር!» እንላለን። ሙሉ በሙሉ አንነሳም። መቀመጫችንን ከወንበሩ አንድ ስንዝር ከፍ ካደረግን ይበቃል። እሳቸውም «በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ» ይላሉ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ፈለግነው ነገር ብንከራከር ግድ የለም፤ ያቺ አንድ ስንዝር ዋስ ናት። ስልክ ላይ ግን ስንዝሯ የለችም። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ግሩፑን ሲቀላቀሉ «እገሌ ተቀላቅለዋል» የሚል ደቃቃ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ማንም ካለበት ንቅንቅ አይልም። አንዳንዱም ሽንት ቤት ሆኖ ነው የሚያነበው።

ይቺ ስንዝር የጎደለችው ለኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 ስኮት ፋልማን የተባለ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ምሁር፣ ባልደረቦቹ በኮምፒውተር የሚጻጻፉት ቀልድ እንደ ቁም ነገር እየተወሰደ ሲያስቸግር፣ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ ደርድሮ «ስትቀልዱ ይቺን አድርጉባት» አለ። አንገትን ዘመም አድርገው ሲያዩዋት ፈገግ ያለ ፊት ናት። ፈረንጅ ለጎደለችው ስንዝር ያገኘላት ምትክ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የኢንተርኔት ምግባር መመሪያ ወጣ፤ በትልልቁ ፊደል መጻፍ ጩኸት ይመስላል ይላል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። እና በምን እንጩህ? በቃለ አጋኖ። ጡረተኛው የሒሳብ መምህራችን አንዴ ለውሃ መስመር ጉዳይ 17 ቃለ አጋኖ አከታትለው ልከዋል። ቆጥሬዋለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጠብ ልምጣ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰው በስልክ መክፈሉን ለምዷል። የእድራችን አባላትም መዋጮውን በዚያው ይልኩና የከፈሉበትን ስክሪንሾት ግሩፑ ላይ ይለጥፋሉ። እኔ አንድ ማታ፣ እራቴን በልቼ፣ ምንም ሳይጎድለኝ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ማንም ያቀናብረዋል። ገንዘብ ያዧ የግብይት ቁጥሩን ያመሳክሩ።»

ልክ ነኝ። ዛሬም ልክ ነኝ።

ገብርኤል መለሰ። «ሌቦች ናችሁ ነው የምትለው?»

«አላልኩም።»

«ብለሃል።»

«የት ላይ?»

«ሰው ያነበዋል።»

ጽጌረዳው በያጅ ገባበት። የ«አንቺ»ው ቂም አለቀቀውም። አምስተኛው መልእክት ላይ ወሬው ከደረሰኙ ጉዳይ ወደ ስልክ ዞረ፤ አይፎን ነው አንድሮይድ የሚሻለው? ገብርኤል አይፎን አለ። የአርሰናል አርማ አንድሮይድ አለ። ዘጠነኛው ላይ የኔ ስልክ መስታወት መሰንጠቁ ተነሳ። ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላወቅኩም፤ ባለቤቴን ግን እጠረጥራለሁ። አሥራ አራተኛው ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ዘመኑ አልፎብሃል» ተባልኩ። ስለ እድር መዋጮ የሚጽፍ አንድም ሰው አልነበረም።

ሌላው ሰው ዝም ብሎ ያነባል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የሄደ ሰው አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ያውቃቸዋል። ራሰ በራ ናቸው፤ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ዓሣ የሚበለተው ሰው ዙሪያ ይቆማሉ። ድምፅ የለም። ቢላዋውን ያያሉ። አንጀቱ ሲወረወር ግን ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ነው። ግሩፓችን ውስጥ መቶ የሚሆኑ አባ ኮዳዎች አሉ። አንድ ቃል አይጽፉም። በማግስቱ ሱቅ በር ላይ ያገኙኝና «ትናንት ምን ነካህ?» ይሉኛል።

«ዘመኑ አልፎብሃል» ስባል አንድ የድሮ ጠብ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1992 የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር አንድሪው ታነንባም «ሊኑክስ ጊዜው ያለፈበት ነው» ብለው በአደባባይ ጻፉ። ሊኑክስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው፤ የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ያኔ የ22 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ነው። ልጁ ዝም አላለም፤ የፕሮፌሰሩን የራሳቸውን ሥራ አንስቶ አብጠለጠለው። ፕሮፌሰሩም ተማሪዬ ስላልሆንክ አመስግን፣ በዚህ ሥራህ ጥሩ ማርክ አላገኘህም ነበር አሉት። ልጁ ቆይቶ ለአነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ።

ልብ በሉ፤ ፕሮፌሰሩን «አሉ»፣ ልጁን «አለ» ያልኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው ላይ ሁለቱም «ዩ» ናቸው። ጠቡ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ሊኑክስ ጋ ሳይደርስ «አንተ ትለኛለህ?» ላይ ያበቃ ነበር። ዛሬ ያ ጊዜው አልፏል የተባለ ሊኑክስ የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ አስኳል ነው።

ይህንን ሁሉ ለገብርኤል ጻፍኩለት። ጻፍኩለት ስል፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ጻፍኩ። ጣቴ ደነዘዘ። ባለቤቴ ሁለቴ ነቅታ «ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ። ያ የ1995 መመሪያ ሌላም ምክር አለው፤ በስሜት የሚጻፍ መልስ ይደር ይላል። እኔ ግን ለማሳደር አላሰብኩም፤ ያሳደረኝ መብራት ነው። መብራት ሄዶ፣ ስልኬ 2 በመቶ ላይ ነበርና «ላክ» የሚለውን ሳልነካው ድርግም አለ።

ጠዋት አነበብኩት። መሀሉ ላይ «ደንቆሮው ማን እንደሆነ ታቦር ተራራ ይመስክር» ይላል። ተራራው ምን እንዲል እንደፈለግኩ አላውቅም። አጠፋሁት።

ሐሙስ ዕለት ንጋት ላይ መርዶ መጣ። የሰፈራችን አሮጊት አርፈዋል። ጸሐፊው ለአንዴ በአማርኛ ፊደል ጽፎታል። እኔ እንቅልፌ ሳይለቀኝ፣ የተሰነጠቀው መስታወት ላይ በአውራ ጣቴ ላነብ ስሞክር፣ መልእክቱን ሁለቴ ነካሁት መሰለኝ። ከመርዶው ሥር ቢጫ አውራ ጣት ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎበዝ! እንደማለት። ከጎኑ የኔ ፎቶ።

ደነገጥኩ። አጠፋሁት። አምስት ሰከንድ አልቆየም።

ገብርኤል ግን ስክሪንሾት አንስቶታል።

ግሩፑ ላይ ለጠፈውና ከሥሩ ምንም አልጻፈም። ምን ይጻፍ? «ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም» ብዬ መልስ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ደርሼ ተውኩት። «ይሄ የተቀናበረ ነው» ልበል? 140 ሰው ፊት ሐሰት ልናገር? አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን አስግገው ሲጠብቁ ይታየኛል። ጡረተኛው መምህር ብቻ አንድ ቃለ አጋኖ ላኩ። አንዷ ብቻ መሆኗ ከአሥራ ሰባቱ በለጠብኝ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ሄድኩ። አለመሄድ አይቻልም። አንገቴን ደፍቼ ስገባ ከጥግ አንድ ልጅ እግር «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። የምር ብድግ፤ ሙሉ በሙሉ።

«በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እዚህ ይሻልዎታል፤ እዚያ ፀሐዩ ያገኝዎታል።»

ወንበሩን ለቀቀልኝ። ራሱ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ንፍሮ ሲዞር እፍኜ እስኪሞላ አስጨመረልኝ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ዓሣ መወደድ አወራን። አባቱን አውቃቸው ኖሯል፤ ደግ ሰው ነበሩ። ጨዋ ልጅ ነው፣ የዛሬ ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም ብዬ በልቤ መረቅኩት፤ ያውም ሳልቸኩል።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። አንድሮይድ ነው። መስታወቱ ከኔም ይብሳል። ግሩፑን ሲከፍት ዐይኔ ሄደ። የራሱ ጽሑፍ አጠገብ ክንፉን የዘረጋው መልአክ ቆሟል።

ቀና ብሎ አየኝ። እንዳየሁ አይቷል። የኔ ፎቶ እኮ ስሜ ያለበት የራሴ ፊት ነው፤ ከመጀመሪያውም ማን እንደሆንኩ ያውቃል።

«ጋሼ፣ ቡና ይጨመርልዎት?» አለኝ።

«ይጨመርልኝ» አልኩት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጮኸ። ግሩፑ ነው። ገብርኤል «አንተ ሰውዬ፣ የአውራ ጣትህ ጉዳይ ገና አልተዘጋም» ይላል። ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ ስልኬ ደግሞ ጮኸ። አሁን በውስጥ መስመር ነው፤ ያው መልአክ።

«ጋሼ፣ በሰላም ገቡ? መንገዱ ጨልሞብዎት እንዳይሆን ብዬ ነው።»