«እስካሁን ሮክ ነው የምትሰማው?»

ከውጭ ተመልሶ አያት ወይም ለገጣፎ ቤት የሠራ የሮክ ወዳጅ ዕቃው ተራግፎ ሳያልቅ የሚቀርብለት ጥያቄ ይኼ ነው። ቤት ለማየት የመጣ ዘመድ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሸክላ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ የልጅነት ነገር ነው» ይላል። ጨዋ ከሆነ እዚያ ላይ ያቆማል። ካልሆነ ጠበል ይመክራል።

ፈረንጅ አገር ጡረታ የወጣ ሽማግሌ የብላክ ሳባዝ ካናቴራ ለብሶ ሣሩን ቢያጭድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ያኔ 15 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ 70 ደፍኗል። የትኛው ልጅነት ነው የሚወራው?

ደግሞስ ሮክ ሰሚ ባለበት ይቆማል ያለው ማነው? በ16 ዓመት የሚፈለገው ጩኸትና ፍጥነት ነው፤ ግጥሙ ባይሰማም ግድ የለም። ቆይቶ ጆሮ ጊታሪስቱ ምን እየነካ እንደሆነ መከታተል ይጀምራል። የብላክ ሳባዙ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆርጦት፣ ኋላ ክሩ እንዲቀለው አላልቶ ይቃኝ እንደነበር፣ የዚያ ከባድ ድምፅ አንዱ ምንጭም ይኼው መሆኑን ይደርስበታል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ሮክ ወደተወለደበት ወደ ብሉዝ ይወርዳል።

ብሉዝ ጋ የደረሰ ሐበሻ ሰፈሩ ገብቷል ማለት ነው። የሮክ ሶሎ የሚሽከረከርበት የላ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ ቅኝት) ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ያንኑ ከዶ ጀምራችሁ ምቱት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የኛው ትዝታ፣ ሜጀሩ! ኖታው ያው ነው፣ የሚለየው ማረፊያው ነው። ሽለላን በሳክስፎን የነፋውን ጌታቸው መኩሪያን ፈልገው ያገኙት የኔዘርላንድ ፓንኮች ናቸው፤ ዘ ኤክስ የሚባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብሮት ሠራ። እኛ ግን የራሳችን የሮክ ባንድ ጃኖ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ካወጣ በኋላም «ሮክ የኛ አይደለም» እንላለን።

ይኼ ይቅር። ዲያስፖራውን አገሩ ገብቶ የሚያበሳጨው የሸክላ ማጫወቻው ነው። ከአሜሪካ የመጣው የተሠራው ለ120 ቮልት፣ ለ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው፤ እዚህ ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ብልህ ነኝ ያለ ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ይገዛል። ማጫወቻው አይቃጠልም፣ ሙዚቃው ግን ይጎተታል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይነካውም፤ በኤሲ ሞተር የሚሠራ የድሮ ማጫወቻ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ ወደ 27.8 ይወርዳል። ድምፁም ከሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) በላይ ይወፍርና ያ ሲጮህ የኖረ ዘፋኝ መርዶ ነጋሪ ይመስላል። መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀበቶ አዟሪ ፑሊ ለ50 ኸርዝ በተሠራችው መቀየር ነው፤ ውፍረቷ ከድሮዋ በ20 በመቶ ይበልጣል። በአዳፕተር የሚሠራ የዲሲ ሞተር ከሆነ ግን አዳፕተሩን ለውጦ መገላገል ነው። ኮንቴይነር ከመጫኑ በፊት የማጫወቻውን ጀርባ ማንበብ ስንት ብር ያድን ነበር።

ኮንዶሚኒየም የገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ሲምባሉ (የድራሙ ሳህን) ሲደበዝዝበት ሰውየው ጠቅላላ ድምፁን ይጨምራል፤ የብሎኬቱን ግድግዳ አልፎ ጎረቤት የሚደርሰው ግን ሲምባሉ ሳይሆን ቤዙ ነው። መፍትሔው ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ስፒከሩን ከጥግ ማውጣት፣ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ማንጠፍ ነው። ጥግ የተወተፈ ስፒከር ቤዙን ያሳብጠዋል።

ይኼን ሁሉ ያደረገ ሰው ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይንኳኳል፤ «ጋሼ፣ ልጆች ተኝተዋል»። እሺ ብሎ ያጠፋል። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይጣልና የሰው ቁመት ያላቸው ስፒከሮች እስከ እኩለ ሌሊት መስኮት ሲያርገፈግፉ፣ ያው በር ያንኳኳው ጎረቤት ከፊት ሆኖ እስክስታ ይመታል። ልጆቹም አብረውት።