ዘፈቀደ ሳይሆን ዕጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አከፋፋይ ድርጅት የጭነት መኪና መንገድ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። መኪናው ጠዋት ከመጋዘን ይወጣል፣ ሃያ ሱቆች ያዳርሳል፣ ማታ ይመለሳል። ፕሮግራሙ የትኛው ሱቅ ከየትኛው ቢቀጥል መንገዱ እንደሚያጥር ይናገራል። ሥራ አስኪያጁ ፊት አንድ ጊዜ ባስኬደው አንድ መንገድ፣ ደግሜ ባስኬደው ሌላ መንገድ አወጣ። ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሰውየው ፊት ግን ተለወጠ። «ወንድሜ፣ ኮምፒውተር የገዛነው እንዲቆምርልን ነው እንዴ?» አለኝ።

መልስ ነበረኝ፤ በአማርኛ ሲወጣ ግን አላምር አለኝ። «ፕሮግራሙ በዘፈቀደ ነው የሚፈልገው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል? በእኛ ቋንቋ በዘፈቀደ የተሠራ ማለት ሳይታሰብበት፣ እንደመጣለት የተሠራ ማለት ነው። ቃሉ ራሱ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ የፈቀደውን፣ ያሻውን እንደማለት። ለዚህ የኮምፒውተር ሐሳብ ይህን ቃል መምረጣችን ስህተት ይመስለኛል። የተሻለ ቃል አለን፤ ዕጣ። በዕጣ ውስጥ የማንም ፈቃድ የለበትም፤ ቁም ነገሩም እሱ ነው። የዕቁብ ዕጣ ላይ ተጠቅልላ የምትወጣው ወረቀት ዳኛውንም ጸሐፊውንም አታውቅም። በይሁዳ ቦታ ማን ይተካ በተባለ ጊዜም ሐዋርያት ዕጣ ጣሉ፤ ለማትያስ ወጣ። ለማካፈል ሲሆን ዕጣን አምነን ኖረናል። ለመፈለግ ሲሆን ግን እናፍርበታለን። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

«ሁሉንም መንገድ አንድ በአንድ ሞክሮ አጭሩን ለምን አይነግረንም?» የሚል ይኖራል። ሥራ አስኪያጁም ብሎኛል። ሃያ ሱቆችን በቅደም ተከተል መደርደሪያ መንገዱ 2,432,902,008,176,640,000 ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን መንገድ የሚፈትሽ ማሽን ቢኖረን እንኳ ሥራውን ለመጨረስ 77 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ሾፌሩ ጡረታ ወጥቶ፣ ልጁም ጡረታ ይወጣል። በእርግጥ ሂሳብ የሚችሉ ሰዎች ሃያውን በብልሃት በትክክል ይፈቱታል፤ ነገር ግን ሱቁ ሲበዛ፣ የሰዓት ገደብና የመኪና ጭነት ሲጨመርበት ብልሃቱም ይደክማል።

ሌላው አማራጭ ማሻሻል ነው። አንድ መንገድ ይዘህ ተነሣ፤ ሁለት ሱቆችን አቀያይር፤ ካጠረ ያዝ፣ ከረዘመ ተው። ጨዋ የሚመስል ዘዴ ነው። ችግሩ ግን ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ጥቅጥቅ ባለ ጉም ውስጥ ቆመሃል እንበል፤ የአገሪቱን ከፍተኛ ጫፍ ፈልግ ተብለሃል፤ የምታየው ከእግርህ ሥር ያለውን ብቻ ነው። ዳገት ዳገቱን ብቻ እየመረጥክ ከወጣህ እንጦጦ ላይ ትደርሳለህ። ከዚያ ወዲያ በየትኛውም አቅጣጫ ብትራመድ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ራስ ዳሸን ላይ ነኝ ብለህ ትቀመጣለህ። ቁልቁለት መውረድን የሚከለክል ሕግ ሁሉ እንጦጦ ላይ ያስቀራል።

ዕጣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ስኮት ኪርክፓትሪክ፣ ዳንኤል ጌላትና ማሪዮ ቬኪ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ዘዴ ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ነው። የጋለ ብረት ድንገት ውኃ ውስጥ ከተነከረ ይጠነክራል፣ ግን ይሰበራል፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ይለዝባል፣ ውስጡም ይረጋጋል። ፕሮግራሙም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ «ሲግል» የባሰ መንገድ እንኳ ቢያጋጥመው ዕጣ ጥሎ ብዙ ጊዜ ይቀበለዋል፤ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ መጥፎውን የመቀበል ዕድሉም ይቀንሳል፤ በመጨረሻ የሚይዘው ማሻሻያ ብቻ ይሆናል። የሚቀበልበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1953 ሎስ አላሞስ በተባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ከተሠራ የፊዚክስ ስሌት የተወረሰ ነው። እነ ኪርክፓትሪክ ዘዴውን የኮምፒውተር ቺፕ አካላት አቀማመጥ ላይ ሞከሩት፤ ነጋዴው ከተማ ለከተማ የሚዞርበትን መንገድም ፈለጉበት። የእኔ ፕሮግራም የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ስለ ቁማሩ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ሳያውቅ እውነት ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1946 ስታኒስላው ኡላም የተባለ የሒሳብ ሊቅ ከሕመም እያገገመ ብቻውን ካርታ ይጫወታል። ጨዋታው የመሳካት ዕድሉ ስንት ነው ብሎ በቀመር ሊያሰላው ቢሞክር አድካሚ ሆነበት። መቶ ጊዜ ተጫውቶ የተሳካውን መቁጠር አይቀልም ወይ አለ። ሐሳቡን ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለጆን ፎን ኖይማን ነገረው፤ ሁለቱም ኒውትሮን የተባለውን የአቶም ቅንጣት ጉዞ ለማስላት አዋሉት፤ ስሙም ሞንቴ ካርሎ ተባለ፣ በቁማር ቤቱ በሚታወቀው ከተማ ስም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጎ በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ሊ ሴዶልን ያሸነፈው አልፋጎ የተባለ ፕሮግራም ውስጥም ይኸው የፍለጋ ቤተሰብ አለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀላሉ ነው። ዘጠኝ መደብ ጤፍ አለህ፤ የዘሩን መጠንና የማዳበሪያውን መጠን ትፈትናለህ። ሥርዓት የሚወድ ሰው ሦስት የዘር መጠን በሦስት የማዳበሪያ መጠን አባዝቶ ዘጠኙን ይሞላል። ማዳበሪያው ለዚያ መሬት ለውጥ የማያመጣ ቢሆንስ? በዘጠኝ መደብ የፈተንከው ሦስት የዘር መጠን ብቻ ነው፤ ስድስቱ ድግግሞሽ ሆነ። ዘጠኙንም መደብ በዕጣ ብትሞላ ዘጠኝ የተለያየ የዘር መጠን ታያለህ። ተመራማሪዎቹ ጄምስ በርግስትራና ዮሹዋ ቤንጂዮ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመረጃ ለሚማሩ የኮምፒውተር ሞዴሎች ያሳዩት ይህንን ነው። የትኛው ነገር ዋና እንደሆነ አስቀድመን የማናውቅ ከሆነ፣ ያማረው ሰንጠረዥ ገንዘብ ያባክናል።

የሥራ አስኪያጁን ጥርጣሬ ግን አላቃልለውም። በዚህች አገር የኮምፒውተር ዕጣ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ በሶፍትዌር አወጣች፤ በቀናት ውስጥ ከተማ አስተዳደሩ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ገብቶበታል ብሎ ሰረዘው፤ ከወራት በኋላ ዕጣው እንደገና ወጣ። ያኔ ብዙ ሰው «ድሮውንስ ኮምፒውተር ይታመናል?» አለ። የተባለው ጥፋት ግን ከዕጣው በፊት ያለ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ማን ገባ የሚለው። ዕጣ የሳጥኑን ኃጢአት አያጠራም። ዕጣውም ቢሆን ሊመረመር ይገባዋል፣ ሊመረመርም ይችላል። የኮምፒውተር ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መነሻ ቁጥር በስሌት የሚወለድ ነው። ፕሮግራመሮች ሲድ ይሉታል፤ ዘር እንደማለት። ዘሩን የመዘገበ ሰው ያንኑ ዕጣ ከዓመት በኋላ አንድ በአንድ ደግሞ ሊያወጣው ይችላል። ከቆርቆሮ የወጣች ወረቀት ይህን አታደርግም።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በየማለዳው የዘሩ ቁጥር ከመንገዱ ጎን እንዲታተም አደረግሁ፤ ፕሮግራሙ በሃምሳ የተለያየ ዘር ተነሥቶ ከሃምሳዎቹ አጭሩን እንዲሰጥ አስተካከልኩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ፣ በአንደኛው ቀን ዘር ራሱ አስኪዶ፣ መንገዱ ሳይለወጥ ሲወጣለት አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቁማር አላነሣም። አሁን አልፎ አልፎ ሲደውልልኝ የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር ነው፦ «ሃምሳውን መቶ ብናደርገው ስንት ደቂቃ ይጨምራል?»