ይድረስ ለክቡር «ሱቁን ማን ይረከበዋል?»

ለ፦ ክቡር «ሱቁን ማን ይረከበዋል?»
ባሉበት (በየለቅሶው፣ በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ)

ጉዳዩ፦ ከሱቃችን ደጃፍ እግርዎን እንዲሰበስቡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ለወጉ ያህል ነው የጠየቅኩት፤ ታመው የቀሩበት ቀን መቼም የለም። ሳይጠሩ ይመጣሉ። ከሱቃችን ደጃፍ ቡና ሲቆላ ጭሱን ተከትለው ይደርሳሉ። አቦሉ ላይ ስለ ዝናቡ ይወራል። ቶናው ላይ ስለ ኑሮ ውድነቱ። በረካው ሲቀዳ እርስዎ በአንዱ ጎረቤት አፍ ብቅ ይላሉ፦ «ለመሆኑ ይሄን ሱቅ ማን ይረከበዋል?»

ያን ጊዜ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። አባቴ ይተክዛሉ። ጎረቤት ከንፈሩን ይመጣል። እናቴ ያላለቀ ስኒ ሳይቀር መሰብሰብ ትጀምራለች።

እኔስ የት ነኝ? ባንኮኒው ጀርባ። ነጠላ እያጠፍኩ። እርስዎ ግን ስንት ዘመን ሲመላለሱ ከአንድ ቀን በስተቀር ወደዚህ ዞር ብለው አያውቁም።

ሱቃችን ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ጎንደር። የሀገር ልብስ እንሸጣለን፦ ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ፣ ቀሚስ ከነጥለቱ። ዓመቱን ሙሉ ዝንብ እናባርርና ከገና እስከ ጥምቀት እህል የምንቀምስበት ጊዜ እናጣለን። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለባት አገር ናትና፣ ታቦት ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርድባት ከተማ የእኛ ሥራ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም። እርስዎም በዚያ ሰሞን ነው ሥራ የሚበዛብዎት። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይመጣላ!

ወንድሜ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልዋሽም። ግን መነንን ከሽፎን አይለይም። ለበዓል ሲመጣ ደጃፉ ላይ ወንበር ይሰጠዋል። አላፊ አግዳሚው ጉንጩን ይስመውና «አንተ ነህ አይደል ወራሹ?» ይለዋል። «እስኪ እግዜር ያውቃል» ይልና ስልኩን ያያል። ቀጥሎ አንዲት ሴት ትመጣና ጥለቱ ስንት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ወራሹ አንገቱን ወደ ውስጥ ያስገባና እኔን ይጠራኛል።

ስለ ዱቤ ደብተራችን ልንገርዎት። አባቴ ደብተሩ ላይ የሰው ስም አይጽፉም። «ባለ ጥቁር ጃንጥላዋ፣ ሁለት ነጠላ፣ ለፋሲካ።» «የዲያቆኑ እናት፣ ጋቢ፣ ግማሹን ሰጥታለች፣ ታማ ነበር።» «ያ ረጅሙ፣ ኩታ፣ ውሸታም።» ባለ ጥቁር ጃንጥላዋ ማን እንደሆነች፣ ፋሲካ የተባለውም የትኛው ፋሲካ እንደሆነ የሚያውቅ ከአባቴ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው ባንክ ቤት አይሠራም።

በነገራችን ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል እኩል ይወርሳሉ ብሏል። ሕጉ ሸበተ። እርስዎ ጋ ወሬው ገና አልደረሰም።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጓዝዎ ነው። ብቻዎን መጥተው አያውቁም። ታናሽ ወንድምዎ «ተማሩና ከዚህ ውጡ» ቀድሞዎት ይገባል። ልጆች ሳለን አባቴ ጨርቅ እየለኩ «ተማሩ! እንደኔ ሜትር ስትጎትቱ እንዳትኖሩ» ይሉን ነበር። ፈተና ላይ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ልጅ ማስፈራሪያው «ሱቅ ትገባታለህ!» ነበር። ጎንደር ደግሞ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተላት ወዲህ ነጭ ጋዋን ያላማረው ወላጅ የላትም። ልጅ ተወልዶ ክርስትና ሳይነሳ ዶክተር ይባላል።

እሺ ብለን ተማርን። እኔም ተመረቅኩ። ዲግሪዬን ይዤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜ ቆሜ ሲሰለቸኝ፣ ያው ሰዎች መልሰው ምን አሉኝ? «ምን ቸገረሽ፣ ሱቁ አለልሽ!» ልጅነታችንን ሙሉ ማስፈራሪያ የነበረው ሱቅ ስንመረቅ ሽልማት ሆኖ ቀረበ። አንዱን ይምረጡ። ወይ ሱቅ ክፉ ነው፣ ወይ ደግ ነው።

አባቶቻችንስ እንዴት ነበሩ ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ፤ ፋሲል ግቢ ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ ሄደው ይዩ። አጼ ፋሲል ግንባቸውን ሠሩ። ልጃቸው አጼ ዮሐንስ ዙፋኑን ወረሱ እንጂ በአባታቸው ግንብ ውስጥ ተቀምጠው አልቀሩም፤ የራሳቸውን ሠሩ። የልጅ ልጃቸው ኢያሱ የራሳቸውን ሠሩ። ከዚያ ዳዊት፣ ከዚያ በካፋ፣ ሁሉም የየራሱን። እቴጌ ምንትዋብ በግቢው ውስጥ ሠርተው አልበቃቸው ሲል ቁስቋም ላይ ደገሙ። (እቴጌ ምንትዋብ ሴት ነበሩ። እንዲሁ ነው ያነሳሁት።) ልጅ ሁሉ የአባቱን ግንብ ተረክቦ ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ጎንደር መጥቶ የሚመዘግበው አንድ ግንብ ብቻ ነበር።

ርክክቡም ቢሆን ሁልጊዜ በምርቃት አልነበረም። ታላቁ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1706 ሲገደሉ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው የገዛ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነበር። ያልታጩት መሳፍንት ደግሞ ወህኒ አምባ ይጋዙ ነበር። ከዚህ ጋር ሲተያይ ባንክ ቤት መቀጠር ትልቅ ጥፋት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልበል። በዚች ከተማ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ሁሉ በፍቅር አልተላለፈም። ቤተ እስራኤሎች ርስት ተከልክለው ነው አንጥረኛ፣ ግንበኛ፣ ሸክላ ሠሪ ሆነው የቀሩት። ልጃቸው መዶሻውን ያነሳው ሌላ የሚያነሳው ስላልተፈቀደለት ነው። ለሠሩትም ስድብ እንጂ ምስጋና አላገኙም። እና «የአባትን ሙያ መያዝ ክብር ነው» ሲባል ስሰማ፣ ለማን ነበር ክብሩ እላለሁ። ጋቢያችንን የሚሸምኑልን አባት ዛሬም እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ነው የሚውሉት። እጃቸው ወርቅ ነው። ልጃቸው ወደዚያ ጉድጓድ ዝር እንዲል ግን አይፈልጉም። እርስዎ እሳቸው ቤት ሄደው «ጉድጓዱን ማን ይረከበዋል?» ብለው አያውቁም። ለምን? ጥያቄዎ ልጁ ላይ ሳይሆን ንብረቱ ላይ ስለሆነ ነዋ!

ንብረቱስ ምንድን ነው? ቤቱ የቀበሌ ነው። አያቴ ለአባቴ ብለው የሠሩት ቤት በ1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በአያቴ ቤት ኪራይ እንከፍላለን። መደርደሪያው ዘሟል። ሚዛን የለንም፣ ሜትር አለን፤ እሱም ጫፉ ተበልቶ በሁለተኛው ሴንቲ ነው የሚጀምረው። የሚረከቡት የሸማኔው እምነት፣ የደንበኛው ፊትና ያ የዱቤ ደብተር ነው። ሦስቱም ደግሞ በኑዛዜ አይተላለፉም። ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ነው የሚገኙት።

ይሄን ያላወቀ ልጅ አይቻለሁ። አባቱ በድንገት ሞቱበትና ከትምህርቱ ተጎትቶ ሱቅ ገባ። ለቅሶ ከመጣው ሰው ግማሹ ባለ ዕዳ ነበር፤ እያለቀሰ ገባ፣ እያለቀሰ ወጣ፣ ስለ ዕዳው ትንፍሽ ያለ የለም። ልጁ ማን ምን እንደወሰደ በምን ይወቅ? ዓመት ሳይሞላ ሱቁም ተዘጋ፣ ትምህርቱም ቀረ። በዚያ ለቅሶ ላይ እርስዎ ነበሩ። አይቼዎታለሁ፤ ከድንኳኑ መሐል ነበሩ።

ባለ ወፍጮው ጎረቤታችን ደግሞ ልጆቻቸው በየአገሩ ሲበታተኑ ወፍጮውን አብሯቸው ላረጀው ሠራተኛቸው ሸጡለት። በየወሩ እየከፈለ ጨረሰ። ሰማይ አልተደፋም። በርበሬውም እንደ ድሮው ያስነጥሳል።

ወሬ የሚወዱ ስለሆኑ አንድ ልጨምርልዎት። ይሄ የአራዳን ዳገት እያቃሰተ የሚወጣው ባጃጅ የቤተሰብ ስም ነው። ጃምናላል ባጃጅ የተባሉ ህንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1926 የጀመሩት ንግድ ዛሬ አራተኛው ትውልድ እጅ ላይ ነው። እሰይ ይበሉ። ግን ሱዙኪንም ይመልከቱ። ኩባንያውን ለአሥርት ዓመታት የመሩት ኦሳሙ ሱዙኪ አማች ነበሩ፤ ቤቱ ገብተው የሚስታቸውን ቤተሰብ ስም የያዙ ሰው ነበሩ። ይህን አንድ ቀን ቡና ላይ ባነሳው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባንኮኒው ዞር አሉ! ልቤ ደነገጠ። በመጨረሻ አዩኝ ብዬ ስጠብቅ ምን አሉ? «እውነት ነው፤ እሷ ብታገባ ባሏ ሊረከበው ይችላል።»

ገና ላልተወለደ ሐሳብ፣ ገና ላልታወቀ ባል፣ ሱቁ ተሰጠ። እኔ ነጠላዬን ማጠፍ ቀጠልኩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። የሚረከብ ጠፋ እያሉ አገር ያስለቅሳሉ። የሚያስረክብ መኖሩን ግን ጠይቀው ያውቃሉ? የመሳቢያው ቁልፍ አባቴ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። ቅዳሴ ሲሄዱ አብሮ ያስቀድሳል። ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ነርሷ ልብስ ስታስቀይራቸው ቁልፉን አልሰጥም ብለው በመዳፋቸው ጨብጠው አደሩ። እኔ ዋጋ መቁረጥ አልችልም። ከሸማኔ ማዘዝ አልችልም። አንዴ ደፍሬ ባለ ጥልፍ ቀሚስ አስገባሁ፤ አኮረፉኝ። ቀሚሱ አልቆ ሌላ ሲጠየቅ «ዕድል ነው» አሉ። ከቻይና ታትሞ የሚመጣው የሐበሻ ልብስ ገበያውን ሲበላብን ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩ። ኔትወርክ ሲኖር፣ መንገድም ሲከፈት ዕቃ በመኪና ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። የመጀመሪያው ክፍያ በቴሌብር ሲገባ አባቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀበሉ፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩ፣ መለሱልኝ። «ብሩስ?» አሉ።

ስለዚህ አባቴ የሚፈልጉት ተረካቢ ነው ወይስ እሳቸውን እንደሳቸው ሆኖ የሚቀጥል ሌላ እሳቸው? ብዙ ወላጅ ልጁ ንግዱ ውስጥ እንዲገባ ተስፋ የሚያደርገው እንዲገባ ብቻ ነው፤ እንዲነካ አይደለም። ተስፋ ማድረጉን አልቃወምም። እኔም ነገ ልጅ ብወልድና ጥለት ስታይ ዓይኗ ቢበራ እልል እላለሁ። ተስፋን ልጅ ላይ እንደ ዱቤ መዝግቦ በየፋሲካው «መቼ ነው?» ማለት ግን ደስ አይልም። ልጁ ያልወሰደውን ነው የሚከፍለው።

ድሮ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ አባት ሚስትና ልጁን ባለድርሻ አድርጎ ማስመዝገቡ የተለመደ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውንም ማቋቋም ይችላል አለ። እንግዲህ ልጅ ለቁጥር ማሟያነት እንኳ አይፈለግም ማለት ነው። ከተፈለገ ተጠይቆ፣ ደመወዙ ታውቆ፣ ድርሻው ተጽፎ ነው።

አይምጡ ብልዎት እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ከመጡ ግን ሰኞ ይምጡ፤ ገበያ የለም። በወንድሜ በኩል አይዙሩ፤ ልጁ ሥራ አለው። አባቴ አጠገብ ይቀመጡና ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚያስረክቡት?» ይበሏቸው። መልሱን ለእኔ መንገር አያስፈልግም፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የባለሱቁ ልጅ (ሴቷ)

ግልባጭ፦
– ለአባቴ (ከመነጽራቸው ጋር)
– ለወንድሜ፣ አዲስ አበባ (ለመረጃ ያህል፤ ምንም እንዲያደርግ አይጠበቅም)
– ለወደፊት ባለቤቴ፣ ባሉበት (የራስዎን ሥራ ይዘው እንዲመጡ)