ከቪም መውጫው በየት ነው?

በእኛ ቢሮ ፕሮግራመሮች ኮድ ስለሚጽፉበት ኤዲተር፣ ስለ ቪም፣ አንዲት ነገር መጠየቅ የፈለገ ሰው የቀኑን ሥራ ጨርሶ ቢመጣ ይሻለዋል። ጥያቄው ትንሽ ነው፤ «የመስመር ቁጥር እንዲያሳየኝ ምን ላድርግ?» መልሱም ያው «ሴት ነምበር» ብቻ ነው። ሊቅ የምንለው ባልደረባችን ግን ይህን በቀጥታ ተናግሮ አያውቅም። ወንበሩን ያዞራል፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይገፋል፣ ከዚያ «እስቲ መጀመሪያ ቪምአርሲህን ልየው» ይላል።

ቪምአርሲ ሰው ለኤዲተሩ ያለውን ፍላጎት ሁሉ የሚዘረዝርበት ፋይል ነው። አዲስ ሠራተኛ የራሱ ስለሌለው የሊቁን ኮፒ ያደርጋል። ሊቁ ከቀድሞ አለቃው ነው የወሰደው፤ አለቃው ከማን እንዳገኘው አይታወቅም። መሐሉ ላይ «ይህን መስመር እንዳትነኩ» የሚል ማስታወሻ አለ። ማንም ነክቶት አያውቅም፣ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅም የለም።

በዚህ ውርስ ውስጥ ሪሌቲቭ ነምበር የሚሉት ሴቲንግ በርቷል። መስመሮችን የሚቆጥረው ከፋይሉ መጀመሪያ ሳይሆን ከርሰሩ ካለበት ቦታ ተነስቶ ነው፤ ወደ ላይም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወደ ታችም እንደዚያው። በአንድ ትእዛዝ ብዙ መስመር መዝለል ለለመደ ሰው በጣም ይጠቅማል። «ስህተቱ 212ኛው መስመር ላይ ነው» ተብሎ በስልክ የተነገረው ልጅ ግን ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አይቶ «የኔ 18 ላይ ነው የሚያበቃው» አለ። በዚያ በኩል የነበረው ሰው ፋይሉ ግማሹ ጠፋ ብሎ ባክአፕ ፍለጋ ሮጠ።

ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ ግን የመውጫው ነው። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስታወቀው ይህችን ጥያቄ ብቻ ከሚሊዮን በላይ ሰው ገብቶ አይቷታል። ምን ይገርማል? ብዙው ሰው ቪም ውስጥ የሚገኘው ፈልጎ ሳይሆን የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ላይ ኮሚት ሲያደርግ መልእክት መጻፉን ረስቶ፣ ጊት ራሱ ቪምን ከፍቶበት ነው። መውጣቱ ደግሞ ቡና ከተፈላበት ቤት እንደ መውጣት ነው። ሁለት ነጥብና ኪው መትተህ ብድግ ስትል «ኧረ የጻፍከው ሴቭ አልሆነም!» ብሎ ይይዝሃል። የግድ ከሆነብህ ቃለ አጋኖ ጨምር ይልሃል፤ በረካን ሳትጠጣ የምትሄድ ከሆነ እንግዲያው ጮኸህ ሂድ ነው ነገሩ።

ቪምን ያለ ፋይል ብትከፍተው እኮ መውጫው እዚያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ከእሱ ጋር የዩጋንዳን ድሆች ልጆች እንድትረዳ የሚጠይቅ መስመርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቪምን ለሕዝብ የለቀቀው ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር፣ በ2023 እስኪያርፍ ድረስ ፕሮግራሙን በነፃ እየሰጠ ከተጠቃሚው የለመነው ይህንኑ ነው። ሊቃችን ይህን ገጽ አይቶት አያውቅም። የወረሰው ቪምአርሲ ይደብቀዋል።

ሌላው እሮሮ ከመጻፍ ወደ ትእዛዝ የሚመልሰው የኤስኬፕ ቁልፍ ርቀት ነው። የቪም አባት የሆነውን ቪአይን ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጀምር በሠራበት ተርሚናል (የዚያ ዘመን ስክሪንና ኪቦርድ) ላይ ኤስኬፕ ያለው ዛሬ ታብ ባለበት ቦታ ነበር። ተርሚናሉ ድሮ ቀረ፤ የእኛ ትንሿ ጣት ግን እስከ ዛሬ ትለጠጣለች። ኬፕስ ሎክን ኤስኬፕ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ግን ኮምፒውተርህን ማንም አይዋስህም፤ ይህ በራሱ ጥቅም ነው።

አማርኛ የሚጽፍ ሰውማ መከራው የብቻው ነው። ቪም ውስጥ የማትጽፍ ከሆነ እያንዳንዱ ቁልፍ ትእዛዝ ነው፤ ጄ ወደ ታች ያወርዳል። ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳትመልስ ጄን ብትነካ ግን የሚደርሰው ፊደላችን ነው፣ ቪም ደግሞ ፊደላችንን እንደ ትእዛዝ አያውቀውም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር በጨረስክ ቁጥር ኪቦርድ መቀያየር ነው። ለሊቁ ስንነግረው «በዚያ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ አማርኛ የሚጽፍ ማነው?» አለን። የቪም ተፎካካሪ የሆነው ኤዲተር ኢማክስ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አብሮት ይመጣል፤ ይህን በሊቁ ፊት ያነሳ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ለምሳ አይጠራም።

የኮድ መስመር በታብ ይግባ ወይስ በስፔስ ስለሚለው ክርክር አልጽፍም። ትዳር ያናጋል።

ባለፈው ሰርቨሩ ወድቆ ቢሮው ሲተራመስ፣ ሊቁ የቪሙን ከለር በመቀየር ላይ ነበር። በቅርቡ የተቀጠረችው ልጅ ናኖን ከፈተች፤ መውጫው ሁልጊዜ ከስር የሚጻፍበት ኤዲተር ነው። የተበላሸችውን መስመር አስተካክላ፣ ሴቭ አድርጋ ወጣች።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ ተነስቷል» አለችው።

«በምን አስተካከልሽው?»

«በናኖ።»

መነጽሩን አውርዶ ስክሪኗን አተኩሮ አየ።

«ከለሩ ግን ይቀረዋል» አላት።