የሩዝ ዘር ጥራት የሚወሰነው በኅዳር ነው

ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲቃረብ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ስለ ሩዝ የሚነሣው ወሬ ሁሉ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል፤ ማዳበሪያው ደረሰ ወይ፣ አዲስ ዝርያስ ተገኘ ወይ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁንና አብዛኛው አርሶ አደር በሰኔ የሚዘራው ከራሱ ማሳ የሰበሰበውን፣ ከጎረቤቱ የለወጠውን ወይም ከገበያ የሸመተውን ሩዝ ነው፤ ያ ዘር ከኅዳር አጨዳ ወዲህ ባሉት ሰባት ወራት ምን እንደደረሰበት ግን ማንም አይጠይቅም። ከመዝራት በፊት ዘርን በጨው ውኃ ስለ መለየትና ስለ መዘፍዘፍ የሚሰጠው ምክር ጠቃሚ ቢሆንም፣ በጎተራ ውስጥ የሞተን ዘር የሚያስነሣ ዘዴ ስለሌለ ምክሩ ከውድማ መጀመር ነበረበት።

ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ ሩዝ ካስለመዱበት ከ1970ዎቹ አንሥቶ ከአርሶ አደሩ እጅ አልወጣም። ፍሬው ነጭ ነው፤ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ የሚወጣው እንጀራም ይወደዳል። በዚህም ምክንያት ወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አዳዲስ ዝርያዎችን ቢያቀርብም አሮጌው ቦታውን በቀላሉ አይለቅም። ዘሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሌላ ዝርያም፣ በሜዳው ላይ ራሱን ችሎ የሚበቅለው የዱር ሩዝም እየገባበት ይደባለቃል። ዘለላው ከሰገባው ሳይወጣ የሚያበሰብሰው በሽታም በዘሩ ላይ ተሳፍሮ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል። ለዘር የሚሆነውን ከማሳው ጤናማ ክፍል፣ ባዕድ ዘለላዎችን አስቀድሞ ነቅሎ፣ ለብቻው ማጨድና ለብቻው መውቃት አንድ ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሩዝ ለአጨዳ ሲደርስ ከክብደቱ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ሊሆን ይችላል። በዚህ እርጥበቱ ለሳምንታት ቢከመር ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፤ የፍሬው መልክ ይለወጣል፣ በዘሩ ውስጥ ያለው ፅንስም ይሞታል። ለዘር የሚቀመጠው በምንጣፍ ወይም በሸራ ላይ በሥሡ ተሰጥቶ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ፣ እርጥበቱ 12 በመቶ እስኪደርስ መድረቅ ይኖርበታል። በዘር ጥናት የታወቀ አንድ የግምት ስሌት አለ፤ የዘሩ እርጥበት 1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት 5 ዲግሪ ሲወርድ፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ያህል ይረዝማል። የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያን ሲያግል ከጣሪያው ሥር የተሰቀለ ጆንያ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ መገመት አያዳግትም። እርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጥቂት ዘር ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ፣ ወዝውዞ፣ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ይቻላል፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ዘሩ ገና እርጥብ ነው። ባይለጠፍም እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች መሆኑን ብቻ ስለሚያሳይ ለዘር የሚቀመጠው ተጨማሪ ፀሐይ ይፈልጋል።

አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነቀዝን አፍኖ ይገድላል፣ የክረምቱ እርጥበትም ወደ ዘሩ እንዳይመለስ ይከላከላል። ነገር ግን በሚገባ ያልደረቀ ዘር አሽጎ ማስቀመጥ ጭራሽ ያለማሸግን ያህል እንኳ አይጠቅምም፤ ዘሩ ታፍኖ ይበላሻል። ከረጢቱን የሚያከፋፍለው ሁሉ ይህን ሳይናገር ቢቀር ጥፋቱ የአርሶ አደሩ አይሆንም።

ወደ ሰኔው ሥራ ስንመጣ፣ ከሁሉም የረከሰው ዘዴ የጨው ውኃ ነው። ትኩስ እንቁላል ተንሳፍፎ ጫፉ የሳንቲም ያህል ብቅ እስኪል ድረስ ጨው በውኃ ይሟሟል (የቆየ እንቁላል በንጹሕ ውኃም ስለሚንሳፈፍ ትኩስነቱ ሊረጋገጥ ይገባል)፤ ከዚያ ዘሩ ሲጨመር ፍሬ ያልያዘውና ጮርቃው ይንሳፈፋል፣ ፍሬው የሞላው ይሰጥማል። የሰጠመው ጨው እስኪለቀው በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ጨዉ ክብደትን እንጂ ሕይወትን አይመዝንም፤ በሻጋታ የሞተ ነገር ግን ፍሬው የሞላ ዘር ከደህናው ጋር አብሮ ይሰጥማል።

መዘፍዘፉ ደግሞ እንደ አዘራሩ ይለያያል። ውኃ በተኛበትና በጨቀየ ማሳ ለሚዘራ ወይም በችግኝ ለሚተከል ሩዝ፣ ዘሩን ለአንድ ቀን ዘፍዝፎ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሸፍኖ አጎንቁሎ መዝራት ብቅለቱን ያፈጥናል። ዝናቡ ሳይረጋ በደረቅ አፈር ለሚበተን ዘር ግን ይህ አደገኛ ነው፤ ዝናቡ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ የጎነቆለው ሁሉ ይደርቃል። ለእንዲህ ያለው ማሳ ሳይጎነቁል ለአጭር ጊዜ ተዘፍዝፎ መልሶ በጥላ የደረቀ ዘር ይሻላል። በፀረ ሻጋታ ኬሚካል የታሸ ዘር ሲሆን ትርፉ ወደ ምግብ ጆንያ እንዳይመለስ ማስጠንቀቅ የግብርና ባለሙያው ኃላፊነት ነው፤ ዘርና ቀለብ በአንድ ጓዳ በሚቀመጥበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የዘር ሥልጠናቸውን ከሰኔ ወደ ጥቅምት ማብቂያ ቢያመጡት፣ ቀበሌዎች ያሏቸው የአርሶ አደር ማሠልጠኛዎችም እርጥበት መለኪያ ቢኖራቸው፣ ከብዙ አዳዲስ ዝርያ ይልቅ ቶሎ ለውጥ ይታይ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ በሚያዝያ መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሳምንት በኋላ መቁጠር ይበቃል፤ 80 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው፣ 60 ብቻ ከበቀለ የዘሩን መጠን በሲሶ መጨመር ወይም ሌላ ዘር መፈለግ የግድ ይሆናል፤ በሚያዝያ ደግሞ ለመፈለግ ገና ጊዜ አለ።